በአገሩ ባዕድ፣ በባዕዳን ክለብ አምበል

ጊዜው 1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአውስትራሊያ የመጣ የ20 ዓመት ገደማ ወጣት በእንግሊዙ ኤቨርተን የሙከራ ዕድል አግኝቶ ሊቨርፑል ከተማ ገብቷል። ልጁ ፈጣን ነው፣ ጉልበት አለው፣ ንቀት ግን አይችልም። አንድ ቀን የተጠባባቂው ቡድን ኃላፊ ከካንጋሮ ጋር አያይዞ ሰደበው። ልጁም ዝም አላለም፤ ከኃላፊው ጋር ተያያዙ። የኤቨርተን ነገር በዚሁ አበቃ።

ልጁ ቻርለስ ፐርኪንስ ይባላል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከአቦርጂኖች ወገን ነው። የስፖርት አፍቃሪው ስለ አቦርጂኖች ሲነሳ ቶሎ ትዝ የምትለው ሯጯ ካቲ ፍሪማን ናት። ከእሷ በፊት ግን በእግር ኳስ ሜዳ የተጀመረ፣ ብዙም ያልተወራለት አንድ ታሪክ አለ።

አቦርጂኖች በዚያች ምድር ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል። እንግሊዞች በ1788 ከሰፈሩ በኋላ ግን መሬታቸውን ተነጠቁ፣ በሽታና ጥይት ፈጃቸው፤ የቀሩትም የት እንደሚኖሩና ማንን እንደሚያገቡ ሳይቀር መንግሥት የሚወስንላቸው ሰዎች ሆኑ። ከነጭ የተወለዱ ልጆችን ከእናታቸው ጉያ ነጥቆ በማሳደጊያ ማስገባት የመንግሥት ፖሊሲ ነበር። ፐርኪንስ በ1936 በአሊስ ስፕሪንግስ ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ገደማ ትምህርት ያግኝ ተብሎ አደላይድ ከተማ ወደሚገኝ የቤተክርስቲያን የወንዶች ማሳደጊያ ተላከ። እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ከኳስ ጋር የተዋወቀው።

በዚያው ማሳደጊያ ጆን ሞሪያርቲ የሚባል ሌላ ልጅ ነበር። የእሱ ደግሞ ይብሳል። ቦሮሉላ በምትባል ሩቅ መንደር ገና በአራት ዓመቱ ከእናቱ ተወሰደ። ከእናቱ ጋር እንደገና የተገናኘው 15 ዓመት ሲሞላው ገደማ ነው።

ታዲያ እነዚህ ልጆች ኳስ የት ተጫወቱ? ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኑ፣ ግሪኩ፣ ክሮአቱና ሀንጋሪው ወደ አውስትራሊያ ተሰዶ ነበር። እነዚህ ስደተኞች ክለብ መሠረቱ። ነባሩ ነጭ ደግሞ ክሪኬቱንና ራግቢውን ይዞ እግር ኳስን «የመጤዎች ጨዋታ» እያለ ይንቅ ነበር። ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1944 በእኛው ከተማ ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ የገጠመው የአርመኖቹን አራራትና የግሪኮቹን ኦሊምፒያኮስ አልነበረም እንዴ!

አቦርጂኖቹ ልጆች የገቡት በነዚህ ክለቦች በር ነው። ሞሪያርቲ ለጣሊያኖቹ ጁቬንቱስ (የቱሪኑ ሳይሆን የአደላይዱ) እና ለአደላይድ ክሮኤሺያ ተጫወተ። የክለቡ ሰዎች እንግሊዝኛ የሚሰባብሩ፣ ራሳቸውም «መጤ» እየተባሉ የሚሰደቡ ናቸው። ልጆቹን የሚለኩት በኳስ ችሎታቸው ነበር።

ወደ ፐርኪንስ እንመለስ። ከኤቨርተን ከወጣ በኋላ አገሩ አልተመለሰም። የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ እየሠራ ቢሾፕ ኦክላንድን ተቀላቀለ። ይህ ቡድን ተራ እንዳይመስላችሁ። ከ1955 እስከ 1957 የእንግሊዝን የአማተሮች ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በ1958 በሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ ልጆቹን ሲያጣ ተጫዋቾች ያዋሰ ክለብ ነው። ፐርኪንስ በማንቸስተር ዩናይትድም የሙከራ ዕድል አግኝቶ ነበር። ሐሳቡን የቀየረው ግን ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር ያደረገው ጨዋታ ነው። ተማሪዎቹን አየና «እኔስ ለምን አልማርም?» የሚል ነገር ልቡ ውስጥ ገባ።

በ1959 አገሩ ተመልሶ ለአደላይድ ክሮኤሺያ ተጫወተ፣ አሰለጠነም። ከዚያ ወደ ሲድኒ ሄዶ የግሪኮቹ ፓን ሄሌኒክ አምበልም አሰልጣኝም ሆነ። ኳሷም የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለመቀጠል አገዘችው። ልብ በሉ፣ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ የሚታየው ሰው በባዕዳኑ ክለብ የአምበልነት ምልክት ክንዱ ላይ አስሯል።

ሞሪያርቲም በ1960 ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። ከአቦርጂኖች የመጀመሪያው ነው። በዚያን ጊዜ አቦርጂን በመሆኑ ብቻ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ሄዶ ለመጫወት እንኳ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ፊፋ በዝውውር ጣጣ አውስትራሊያን አግዶ ጉዞው ተሰረዘ። ያችን ማሊያ ለብሶ ሳይጫወት ቀረ።

ፐርኪንስ በየካቲት 1965 ሌላ ጨዋታ ጀመረ። ወደ 30 የሚሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዞ በአውቶቡስ ወደ ገጠር ከተሞች ወጣ። ዓላማቸው መድልዎን ማጋለጥ ነበር። ዋልጌት ላይ ለአገሩ የዘመተ አቦርጂን የጦር ጉዳተኞችና የዘማቾች ክበብ ውስጥ እንዳይገባ ይከለከል ነበር። ከከተማዋ ሲወጡ አውቶቡሳቸውን በሌሊት ከመንገድ ገፍተው አስወጡባቸው። ሞሪ የምትባለው ከተማ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቷ መዋኛ አቦርጂን እንዳይገባ የሚያግድ ደንብ ነበራት። ፐርኪንስ ሕፃናቱን ይዞ መዋኛው በር ላይ ቆመ። እንቁላልና ቲማቲም ዘነበባቸው። አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ደንቡ ተነሳ፣ ልጆቹም ውኃው ውስጥ ገቡ።

ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ። በ1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው መራጭ፣ አቦርጂኖችን ከአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ያስወጣ የነበረው የሕገ መንግሥት አንቀጽ እንዲሰረዝ ድምፁን ሰጠ። ፐርኪንስም ቆይቶ በ1984 የአቦርጂኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን በበላይነት መራ።

ሜዳው ላይም ተራው ደረሰ። በ1974ቱ የጀርመን ዓለም ዋንጫ ሃሪ ዊሊያምስ የተባለ ተከላካይ አውስትራሊያ ከቺሊ 0 ለ 0 ስትለያይ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ገባ። በዓለም ዋንጫ የተጫወተ የመጀመሪያው አቦርጂን ሆነ። ክለቡ ማን መሰላችሁ? ሴንት ጆርጅ! ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው፤ የእኛው ፈረሰኞች ሳይሆኑ የሲድኒ ሀንጋሪዎች ያቋቋሙት። በሴቶቹ ደግሞ ካያ ሳይመን በ2011ዱ ዓለም ዋንጫ ኖርዌይ ላይ ሁለት ጎል አስቆጥራ ቡድኗን አሸናፊ አደረገች።

መስከረም 25 ቀን 2000 የሲድኒን ምሽት የማያስታውስ ሐበሻ የለም። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ነጠቀ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም ካቲ ፍሪማን 400 ሜትርን አሸንፋ የአውስትራሊያንና የአቦርጂኖችን ባንዲራ አንድ ላይ ይዛ ዞረች። ፐርኪንስ ከዚያች ምሽት በኋላ አንድ ወር አልቆየም። በጥቅምት አረፈ፣ መንግሥትም በክብር ቀበረው።

ጨዋታው ግን አላለቀም። የአቦርጂኖች ዕድሜ ከሌላው አውስትራሊያዊ ዛሬም በአማካይ ስምንት ዓመት ያህል ያጥራል። በ2023 ለነባር ሕዝቦች በሕገ መንግሥቱ የታወቀ አማካሪ አካል ይቋቋም ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 60 የሚሆነው መራጭ «አይሆንም» አለ። ሜዳው ላይም አቦርጂን ተጫዋች በራግቢና በአውስትራሊያ ሩልስ በብዛት ሲታይ በእግር ኳስ ጥቂት ነው። ክለቦቹ ከተማ ናቸው፣ ለመመዝገብ ይከፈላል፣ መንደሩ ሩቅ ነው።

ጆን ሞሪያርቲ ይህን ያውቃል። በ2012 በስሙ የሚጠራ የኳስ ፕሮጀክት ሲጀመር የተመረጠችው ቦታ ቦሮሉላ ናት፣ እሱ በልጅነቱ የተወሰደባት። ከዳርዊን ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከዚያች መንደር የወጣችው ሻዲን ኢቫንስ ለሲድኒ ኤፍሲ ለመጫወት በቅታለች።

በነዚያ ዓመታት ለፐርኪንስና ለሞሪያርቲ ማሊያ የሰጧቸው ክሮአቶችና ግሪኮች ሀብታም አልነበሩም። ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ ኳስ የሚያዩ ስደተኞች ናቸው። ክለባቸው ውስጥ ያስገቡት ልጅ ግን የሞሪን መዋኛ በር አስከፈተ።