ከመንጋው ጋር የሚጓዝ ክትባት

የፊዚክስ መምህራን ስለ ክትባት ምን አገባቸው የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገሩ ግን ከሙቀት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ያገባናል።

«ክፉ ቀን» እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ የሰማነውን ረኀብ (እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892) ካመጡት ምክንያቶች ዋነኛው የከብት ደስታ በሽታ ነበር። ይህ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል። ለዚህ ድል አፋር ያበረከተውን ድርሻ ግን ብዙ ተማሪዎቻችን አያውቁትም።

የቀድሞው ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ይበላሽ ነበር። መንጋው ደግሞ ማቀዝቀዣ ባለበት ከተማ ቆሞ አይጠብቅም፤ ዝናብና ሣር ተከትሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች የማድረቁን ሂደት አሻሻሉት። ክትባቱ ከበረደ በኋላ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተንነት ይለወጣል። ውኃው በበለጠ ሲወገድ ሞለኪውሎቹ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱበትን ነገር ያጣሉ፤ መበላሸቱም ይዘገያል። በዚህ ብልሃት ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ አንድ ወር መቆየት ቻለ። ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው የአፋር አርብቶ አደሮች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር ተጓዙ። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

የአርብቶ አደሩ ልጅስ? የኩፍኝ ክትባትም ደረቅ ዱቄት ነው፤ ሆኖም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ እንዲጠበቅ ይፈለጋል። በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ አያገለግልም። እስቲ በረዶ የያዘውን የክትባት ሳጥን እናስላ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል፤ የቀለጠው ውኃ ከ0 ወደ 8 ዲግሪ ሲሞቅ የሚውጠው ግን 34 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በረዶው አለቀ ማለት ጊዜው አለቀ ማለት ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ሙቀት ከውጭና ከውስጥ የሙቀት ልዩነት ጋር ስለሚመጣጠን፣ በ20 ዲግሪ ሁለት ቀን የሚቆይ በረዶ በ40 ዲግሪ አንድ ቀን ገደማ ቢቆይ ነው። ባለሙያው እዚያ ሲደርስ ሦስት ሕፃናት ብቻ ያገኛል፤ ብልቃጡ ግን የአሥር ነው። ይክፈተው? እኛ ይክፈተው እንላለን፤ የሚደፋው ክትባት ከኩፍኝ ይረክሳል።

«የክልሉ አማካይ ሽፋን ጥሩ ነው» የሚል መልስም አያረካንም። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ፣ ማንም ባልተከተበበት ሕዝብ መካከል፣ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን እንደሚያሲዝ ይገመታል። ወረርሽኙን ለመግታት ከመቶ 92 እስከ 94 የሚሆነው ሰው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ይህ ስሌት ግን ሰዎች እንደ ጋዝ ሞለኪውል እኩል ተቀላቅለው እንደሚኖሩ ያስባል። ያልተከተቡ ሕፃናት አብረው በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ጉድጓድ ውኃ ዙሪያ ይገኛሉ፤ አማካዩ አይከልላቸውም።

በቻድ ዘላን አርብቶ አደሮች ዘንድ የተካሄደ ጥናት ከሕፃናቱ ይልቅ ከብቶቹ በብዛት ተከትበው አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች አብረው መውጣት፣ መኪናውንና ማቀዝቀዣውንም መጋራት ጀመሩ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ከብቶቹ ወደሚከተቡበት ስፍራ ነበር።