ብርቱካኑ ለምን ሰጠመ? ሕፃናትን ሳይንስ ስለ ማስተማር

በአጸደ ሕፃናትና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሳይንስ ትምህርት እንዴት ቢሰጥ ይሻላል የሚለው ጥያቄ የመምህራን ብቻ ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የምንዘጋጅ ተማሪዎችም ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሳይንስን የተማርነው ከሰሌዳ ገልብጠንና በቃላችን አጥንተን ነው። ፈተናውን አልፈናል፤ ይሁን እንጂ ከቤት ይዘነው የመጣነው ሐሳብ በፈተናው ማግሥት ሳይነካ እንደ ነበረ አግኝተነዋል። ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ሊደረግ እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዣን ፒያዤ (1896–1980) የተባሉት የስዊስ ሊቅ ሕፃናትን እየጠየቁ በመመርመር የታወቁ ናቸው። ከምርመራዎቻቸው አንዱ እንዲህ ነው። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቀዳል፤ ልጁም እኩል መሆናቸውን ያምናል። ከዚያ በኋላ የአንደኛው ውሃ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ሲገለበጥ፣ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «በረጅሙ ያለው ይበልጣል» ይላል። ልጁ ይህን የሚለው ባለማስተዋል አይደለም፤ የውሃውን ከፍታ አይቶና በራሱ አስቦ የደረሰበት ፍርድ ነው። እንግዲህ የሕፃን አእምሮ መምህሩ ዕውቀት የሚሞላበት ባዶ ማድጋ አለመሆኑ ግልጥ ነው። አዲሱን ነገር የሚቀበለው ቀድሞ ከያዘው ጋር እያገናኘ ነው፤ ካልተገናኘለትም ቃሉን ብቻ ይዞ ነገሩን ይተወዋል። በውጭ ቋንቋ ኮንስትራክቲቪዝም የሚባለው፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የዕውቀት ግንባታ» ያልነው አስተሳሰብ መሠረቱ ይህ ነው።

የሩሲያው ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934) ደግሞ ሌላ ፍሬ ነገር ጨምረዋል፤ ይኸውም ልጅ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ነገር የሚያውቅ ሰው ሲረዳው ሊሠራው እንደሚችልና፣ ትምህርት በተለይ የሚጠቅመው በዚህ ስፍራ እንደ ሆነ ነው። ከሁለቱ ሊቃውንት ትምህርት ለሥራችን የሚረዱ ሦስት ደንቦችን እናወጣለን። አንደኛ፣ መምህሩ ልጆቹ አስቀድመው የሚያስቡትን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ያ ሐሳብ የማይፈታው ነገር በዓይናቸው እንዲያዩና በእጃቸው እንዲነኩ ያድርግ። ሦስተኛ፣ እርስ በርሳቸውም ከእርሱም ጋር ተነጋግረው የተሻለ ሐሳብ እስኪደርሱ ድረስ በጥያቄ ይምራቸው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። ትምህርቱ በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፉና ስለሚሰጥሙ ነገሮች ነው። ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል «ከባድ ነገር ይሰጥማል፤ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል» ብለው ይመጣሉ። መምህሩ በሳፋ ውሃ፣ ጠጠር፣ ምስማር፣ የእንጨት ቁራጭና ሁለት ብርቱካኖች ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ነገር ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ልጆቹ ምን እንደሚሆን ይናገራሉ። ያልተላጠው ብርቱካን ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ብርቱካን በፊታቸው ሲላጥ ክብደቱ ቀንሷልና «ይህማ በደንብ ይንሳፈፋል» ይላሉ፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ይሰጥማል። የቀለለው ሰጠመ፤ የከበደው ተንሳፈፈ። በዚህ ጊዜ አሮጌው ሐሳብ ራሱ ለልጆቹ ጥያቄ ይሆንባቸዋል። ምክንያቱ የልጣጩ ውስጥ በአየር የተሞላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ልጣጩ ለፍሬው የሚጨምርለት ስፋት ከሚጨምርበት ክብደት ይበልጣል።

ቀጥሎ የሸክላ ጭቃ ይሰጣቸዋል። ጭቃው ድቡልቡል ሲሆን ይሰጥማል፤ ያው ጭቃ እንደ ሳህን ተደርጎ ሲሠራ ግን ይንሳፈፋል። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚገፋው ውሃ ብዛት ነው። የጣና ሐይቅን የደንገል ታንኳ ያየ ልጅ ቢኖር ነገሩን ቶሎ ያገናኘዋል፤ ደንገሉ በውስጡ ብዙ አየር ይዟልና።

እኛም ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት በአንድ ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት ሰጥተን ነበር። የተላጠው ብርቱካን ሲሰጥም አንዲት ልጅ «ልብሱን አውልቆ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሰዓቱ እያለቀ ስለ ነበር አብረን ፈገግ አልንና ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ጽፈን አስጠናናቸው። በማግሥቱ ሁሉም ዐረፍተ ነገሩን በአንድ ድምፅ አሉልን። ነገር ግን ትንሽ ምስማርና ትልቅ የእንጨት ጉማጅ አሳይተን ስንጠይቃቸው ጉማጁ እንደሚሰጥም ነገሩን። ያቺን ልጅ ብንጠይቃት ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ስንመረምረው ከሁላችንም ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበችው እርስዋ ነበረች፤ ብርቱካኑን ያንሳፈፈው የለበሰው ልጣጭ ነበርና። «ልብሱ ምን ይዞ ነበር?» ብለን አንዲት ጥያቄ ብንጨምር ኖሮ የቀረውን መንገድ ራስዋ በሄደችው ነበር። ያጠፋነው አንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የአንዲት ልጅን የመናገር ድፍረት ጭምር ነው።

ይህ ዘዴ ትናንት የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ በተዘጋጀው የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ጥናት ውስጥ ልጆች የጭቃ ጀልባ እየሠሩ ይማሩ ነበር። በዚያው ዘመን የአፍሪካ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ፕሮግራም ተመሳሳይ አሠራር በአህጉራችን ሞክሯል፤ ኤሊኖር ዳክዎርዝም በኬንያ ውጤቱን ሲመረምሩ ልጆቹ በቃላቸው የያዙትን ሳይሆን ዕቃ ሲሰጣቸው ምን ያህል የተለያየ ነገር ለመሥራት እንደሚያስቡ ተመልክተዋል።

ተቃውሞም አልታጣም። በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ ባወጡት ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ መሪ ሁሉን ራሱ ያግኝ ቢባል አእምሮው እንደሚጨናነቅና እንደማይማር ተከራክረዋል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ልጆችን በሳፋ ዙሪያ ሰብስቦ እጅን አጣምሮ መቆም ማስተማር አይባልም፤ ውሃ ማራጨት ብቻ ይሆናል። ስለሆነም የዕውቀት ግንባታ የመምህሩን ሥራ የሚቀንስ ሳይሆን የሚያከብድ መሆኑን መረዳት ይገባናል። ጥያቄውን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ብርቱካኑን ከክፍል በፊት በቤቱ መሞከር፣ በመጨረሻም የተገኘውን ሐሳብ በግልጥ ቃል ማጠቃለል የእርሱ ፋንታ ነው።

«ክፍላችን ብዙ ልጆች ያሉበት ነው፤ መሣሪያም የለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። ስለ ልጆቹ ብዛት የተባለው እውነት ነው፤ በየተራ በትንንሽ ቡድን ማሠራት ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለ መሣሪያው ግን ሳፋ፣ ጭቃና ጠጠር የማይገኝበት ሰፈር የለም። ከሁሉ የሚያንሰን መሣሪያ ልጁ ሲሳሳት «ለምን እንዲህ አልህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ለመምህርነት የምንዘጋጅ ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ ከአሁኑ ብንለማመደው መልካም ነው እንላለን።