ዘውዱ ጎንደር፣ ጦሩ ደብረ ታቦር፦ ስለ ዘመነ መሳፍንት የሚባለውና የነበረው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መኪና ማክሰኝትን፣ እንፍራዝንና አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ግራ የታጠፈ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ታቦር ይገባል። ከ170 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚህ መስመር አንደኛው ጫፍ ዘውድ የጫነ ንጉሥ፣ በሌላው ጫፍ ያንን ንጉሥ የሚያነግሥና የሚሽር ራስ ነበር።  የዛሬ ተማሪ የአቴንንና የስፓርታን ልዩነት ቢጠየቅ አንዱን ሸንጎ፣ ሌላውን የጦር ሰፈር ብሎ ይዘረዝርልሃል። ጎንደርና ደብረ ታቦር በምን ይለያዩ ነበር ቢባል ግን «ዘመነ መሳፍንት፣ ሁሉም እርስ በርሱ የተባላበት ጊዜ» ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ እየተዘጋ ነው ብዙ ተረት የገባበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚሰማው «አገሩ ንጉሥ አልነበረውም» የሚለው ነው። ነበረው፤ እንዲያውም ነገሥታቱ በዝተው ነበር። ራስ ስሑል ሚካኤል በ1769 ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ የጎንደር ዙፋን የሚቀመጥበት አላጣም። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ብቻቸውን ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ተሽረዋል። ባለጊዜው መስፍን የነገሠውን ሲሰለቸው ሌላ የንጉሥ ዘር አስመጥቶ ያነግሣል። ደብረ ታቦር የተቀመጡት የየጁ ራሶች ከስድሳ ዓመት በላይ የፈለጉትን ሲያደርጉ ዘውዱን ግን በራሳቸው ላይ አልጫኑም፤ ከሰሎሞን ዘር ነኝ የማይል ሰው ቢነግሥ ካህኑም ባላገሩም እንደማይቀበለው ያውቁ ነበርና። ከግሪኮቹ የሚለየን እዚህ ላይ ነው። አቴንና ስፓርታ የጋራ አማልክትና የጋራ የውድድር በዓል እንጂ የጋራ ዙፋን አልነበራቸውም። የእኛዎቹ የተዋጉት ካንዱ ዙፋን አጠገብ ማን ይቁም በሚል ነው። አገሩ ሊፈርስ ነበር የሚባለው ትርክት ይህን ይዘነጋል።

ሁለተኛው ተረት ከዚህ ይከፋል፤ ዛሬም ለክርክር ይመዘዛልና። «የክርስቲያንና የእስላም ጦርነት ነበር» ይባላል። ከየጁ ራሶች የመጨረሻው ራስ ዓሊ ግን ክርስቲያን ነበሩ። እናታቸው እቴጌ መነን የወሎው ገዥ የሊበን አመዴ ልጅ ስለሆኑ የእስላም ዘመድ አላቸው፤ ይህንንም ጠላቶቻቸው እንደ ጦር መሣሪያ ተጠቀሙበት። ከሁሉ በላይ የተጠቀሙበት የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ውቤ ለባሕሩ ቅርብ ስለሆኑ በምጽዋ በኩል ጠመንጃ ያስገቡ ነበር፤ የዓሊ ጉልበት ደግሞ ፈረሰኛው ነው። ውቤ ከግብፅ ጳጳስ አስመጥተው አቡነ ሰላማ በ1841 ሲገቡ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዘመቻ የሃይማኖት ካባ ለበሰ። በየካቲት 1842 ደብረ ታቦር ላይ ተገናኙ። የውቤ ጠመንጃ አሸነፈ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። ማታ በድሉ ድንኳን ውስጥ ጠጅ ሲንቆረቆር፣ ለዓሊ የተሰለፉት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው አሸናፊውን ከነመጠጡ ማረኩ። አቡኑም ተያዙ። ራስ ዓሊ ከተሸሸጉበት ሲወጡ ያጡትን ግዛት እንዳለ አገኙት። ለሃይማኖት የተዋጋ አሸናፊ ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል? ዓሊ ውቤን ብዙም ሳያቆዩ ለቀው ግዛቱን መለሱላቸው፤ ጳጳሱንም ያኔ አላባረሩም። ጉዳዩ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያልቅም።

ሃይማኖት አላጣላቸውም ማለቴ አይደለም። ያጣላቸው ግን ያው አንዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ የክርስቶስ የመቀባቱ ምሥጢር። ጎጃም ለቅባት፣ ትግሬ ለካራ፣ ጎንደርና ሸዋ በአብዛኛው ለጸጋ ወይም ለሦስት ልደት ይቆም ነበር። ካህናቱ በዚህ ሲከራከሩ መሳፍንቱ ከኋላ ይገፋሉ። አቡነ ሰላማ ካራ ስለነበሩ ከጎንደር ካህናት ጋር ተጣልተው በ1846 ከተማዋን ለቀው እንዲወጡ ተደረጉ።

«ሕግ አልነበረም» የሚለውስ? እዚህ ላይ ከተሞቹን ለየብቻ ማየት ይሻላል። ጎንደር ንጉሡ ቢደክምም ፍትሐ ነገሥቱ አልደከመም፤ ሊቃውንቱ ተቀምጠው ይዳኛሉ፣ ይግባኝ ከየአገሩ ይመጣል። ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በ1838 ጎንደር ሲገባ ያረፈው ከነዚህ ዳኞች አንዱ ከሆኑት ከሊቅ አጽቁ ቤት ነው፤ እኒህን ሽማግሌ በመጽሐፉ በፍቅር ያነሣቸዋል። እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር ደግሞ መማፀኛ ነው። ነፍስ ያጠፋ፣ ከጌታው የተጣላ፣ ገንዘቡን ከዘራፊ ሊያተርፍ የፈለገ ነጋዴም ሳይቀር እዚያ ይገባል፤ ወታደርም ደፍሮ አይከተለውም። እስላሞቹ ነጋዴዎች አዲስ ዓለም ሰፍረው ከምጽዋና ከመተማ ጋር ይገበያያሉ። ጣና ዳር ይፋግ ላይ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር፤ አሞሌውና ብሩ እዚያ ይመነዘራል።

ደብረ ታቦር ሌላ ዓለም ነው። መንግሥቱ ያለው ከቤቱ ይልቅ ከሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ራስየው ሲዘምት ችሎቱም፣ ግምጃ ቤቱም፣ ወጥ ቤቱም ይዘምታል። የእንግሊዙ ቆንሲል ፕላውደን በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የተዋዋለው ዘመቻ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ውሉ ሲነበብ የራስ ዓሊ ልብ ያለው ስለ ፈረስ በሚያወሩት ወሬ ላይ ነበር። ሲያበቃ ምንም ክፋት አላየሁበትም፣ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ወደ አገሬ ይመጣል ብዬ አላስብም አሉ። ፕላውደን ይህን ሲጽፍ ሳይከፋው አልቀረም። እኔ ግን ራስ ዓሊን የዘመኑን መንገድ አሳምረው የሚያውቁ ሰው አድርጌ ነው የማያቸው።

የሸዋ መናገሻ አንኮበር ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ሸዋ ውስጥ አንጋሽና ነጋሽ አልተለያዩም፤ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ገዝተው ንጉሥ ተብለዋል። ለዚህ ጸጥታ ዋጋ የከፈሉት የንጉሡ ዘመዶች ናቸው፤ ጎንቾ ላይ ታስረው ይኖሩ ነበር። ግብሩ በንጉሡ ጎተራ ይከማቻል፣ ነጋዴው ከታጁራ በአፋር በረሃ አድርጎ አልዩ አምባ ይገባል። ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዞች፣ በ1843 ከፈረንሳዮች ጋር ተዋውለዋል። እነ ዓሊና ውቤ ሲተራረዱ ሸዋ ዳር ሆኖ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ዘመነ መሳፍንት» ብለን አንድ ቀለም ስንቀባው ቢያንስ ሦስት የአገዛዝ ዓይነት እየደፈጠጥን ነው።

ሴቶች በዚያ ዘመን ከጓዳ አልወጡም የሚልም አለ። አቴን ሴት ሸንጎ አትገባም፤ ስፓርታ ግን ሴቶች መሬት ይይዙ ነበር። ጎንደር በዚህ በኩል ወደ ስፓርታ ትጠጋለች፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ብራና ኅዳግ ላይ የተጻፉት የመሬት ሽያጭና የውርስ ውሎች ሴት ገዥና ሴት ሻጭ በብዛት ይዘዋል። እቴጌ መነን ደግሞ ደምቢያን በጃቸው አድርገው ጦር ያዘምቱ ነበር። በ1847 የልጃቸውን የዓሊን አማች ካሣ ኃይሉን (የኋላውን ዐፄ ቴዎድሮስን) ሊወጉ ጣና ዳር ድረስ ሄደው፣ ቆስለው ከባላቸው ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተማረኩ። ካሣም በነሱ ማስለቀቂያ ግዛት ተደራደሩ።

ባላገሩ ግን የራስ ይሁን የእቴጌ፣ ለሱ ልዩነቱ ጠባብ ነበር። ከጎንደር ደብረ ታቦር የሚመላለስ ጦር ስንቅ ይዞ አይሄድም። ተሰሪው ወታደር ገበሬው ቤት ይገባል፤ ያገኘውን ዶሮ ያርዳል፣ ለዘር የተቀመጠውን ጤፍ ያስፈጫል፣ ጠላው ከቀጠነ ሴትየዋን ይሰድባል። በዚህ መስመር ላይ የሰፈረ ገበሬ ዘመኑን የቆጠረው በጦርነቱ ሳይሆን በመጣበት ተሰሪ ብዛት ይመስለኛል።

የመጨረሻው ተረት ቴዎድሮስ የኮሶ ሻጭ ልጅ፣ ከምንም የተነሡ ናቸው የሚለው ነው። ድህነቱን እናታቸው ቀምሰዋል፤ ዘራቸው ግን ከቋራ ገዥዎች ነው፣ ደጃዝማች ክንፉ ዘመዳቸው ናቸው፣ የራስ ዓሊም ልጅ ተዋበች ሚስታቸው ነበረች። የመሳፍንቱን ጨዋታ ከውስጥ ያውቁት ነበር። ኅዳር 1852 ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ ሰኔ 1853 አይሻል ላይ አማታቸውን ራስ ዓሊን፣ የካቲት 1855 ደረስጌ ላይ ውቤን አሸነፉና ዘውዱንና ጦሩን በአንድ እጅ ያዙ። ጎንደር ያሸነፈች የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ቴዎድሮስ ያቃጠሏትን ደብረ ታቦርን መልሰው መናገሻ አደረጓት፤ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡት ከሷ አጠገብ ጋፋት ላይ ነው፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በኋላ ተቀመጡባት። ጎንደርን በ1864 ዘረፏት፣ በታኅሣሥ 1866 ደግሞ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠሏት።