መድኃኒት ሲቀየር፦ የደም ካንሰር ታማሚዎችና የጎንዮሽ ጉዳት

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት «የደም ካንሰር» የሚለው ስም ሲጠራ የሚሰማው መርዶ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከደም ካንሰር ዓይነቶች አንዱ የሆነውና በሐኪሞች አጠራር ሲ.ኤም.ኤል. የሚባለው ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ በየዕለቱ በሚዋጥ ኪኒን ሊገታ የሚችል፣ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ሁሉ ለዓመታት አብረውት የሚኖሩት ሕመም ሆኗል። ይሁን እንጂ ለዓመታት የሚዋጥ መድኃኒት ለዓመታት የሚያስቸግር የጎንዮሽ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። መድኃኒቱ በሌላ ሲተካ ደግሞ ታማሚው የለመደውን ችግር ትቶ ከማያውቀው ጋር ይፋጠጣል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፋችን ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ከየት እንደሚመጣና በለውጡ ወቅት ታማሚው ምን ማድረግ እንዳለበት እንመለከታለን።

የበሽታው መነሻና የመድኃኒቱ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ፣ በዚህ ሕመም በተያዙ ሰዎች የደም ሕዋሳት ውስጥ ከወትሮው ያነሰ ክሮሞዞም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባሉት ሳይንቲስት ምክንያቱን ደረሱበት፦ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮቻቸውን ተለዋውጠዋል። በዚህ ልውውጥ ሳቢያ ቢ.ሲ.አር.-ኤ.ቢ.ኤል. የሚባል ጤናማ ሰው የማይኖረው ፕሮቲን ይፈጠራል። ይህ ፕሮቲን ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለማቋረጥ «ተባዙ» እያለ የሚያዝ፣ ማብሪያው እንጂ ማጥፊያው የማይሠራ ኢንዛይም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ (በንግድ ስሙ ግሊቬክ) ኢንዛይሙ ኃይል የሚቀበልበትን ጎድጓዳ ስፍራ በመያዝ ትእዛዙን ያስቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል መሠረት፣ በዚህ መድኃኒት ሕክምና ከጀመሩት ታማሚዎች 83 በመቶ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በአገራችንም መድኃኒቱ ለብዙ ታማሚዎች የደረሰው በዕርዳታ መልክ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የዚህ ሕክምና ዋና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል።

መድኃኒቱ ለምን ይቀየራል?

ምክንያቶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በሽታው መድኃኒቱን ሲለማመድ ነው። በኢንዛይሙ ላይ የሚደርስ ጥቃቅን ለውጥ፣ ማለትም ሚውቴሽን፣ መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ስፍራ ያበላሸዋል። ሁለተኛው ምክንያት የታማሚው ሰውነት መድኃኒቱን መቋቋም ሲያቅተው ነው። ከኢማቲኒብ በኋላ ዳሳቲኒብ (2006)፣ ኒሎቲኒብ (2007)፣ ቦሱቲኒብና ፖናቲኒብ (2012)፣ እንዲሁም አስኪሚኒብ (2021) በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

መድኃኒቱን በአንድ ቁልፍ ብንመስለው፣ ይህ ቁልፍ የተቀረጸው ለአንድ በር ቢሆንም ተመሳሳይ ቁልፍ ማስገቢያ ያላቸውን ሌሎች በሮችም ይነካል። ኢማቲኒብ ኪት የተባለውን ፕሮቲንም ይገታል። ይህ ፕሮቲን የቆዳ ቀለም ለሚያመነጩ ሕዋሳት አስፈላጊ በመሆኑ፣ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ታማሚዎች መልካቸው ሲነጣ ይታያል። ጠዋት ጠዋት የዓይን ቆብ ማበጥ፣ የጡንቻ መሸማቀቅና ማቅለሽለሽም የኢማቲኒብ የታወቁ ጠባዮች ናቸው።

ሌላው መድኃኒት ደግሞ ሌሎች በሮችን ይነካል። ስለዚህ በኢማቲኒብ የተሠቃየ ሰው በተተኪው መድኃኒት ያንኑ ሥቃይ ይደግመዋል ማለት አይደለም። ብዙ ታማሚዎች ከቀድሞው ችግር ይገላገላሉ፤ ነገር ግን አዲስ ጠባይ መማር ይጠበቅባቸዋል።

ዳሳቲኒብ በሳንባ ዙሪያ ውኃ እንዲቋጠር ሊያደርግ ይችላል፤ ምልክቱም ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ነው። እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በሳንባ ዙሪያ የተቋጠረ ውኃ በእኛ ዘንድ ቶሎ የሚያስጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን ነው። ታማሚው ዳሳቲኒብ እንደሚወስድ ያልተነገረው ሐኪም የነቀርሳ ሕክምና ቢጀምር፣ ከነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የካንሰሩን መድኃኒት ጉበት ቶሎ እንዲያፈርሰው ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ያለው መጠን ክፉኛ ያሽቆለቁላል። አንድ ያልተነገረ የመድኃኒት ስም ሁለት ስሕተት ወለደ ማለት ነው። እንደዚሁም ዳሳቲኒብ በሚገባ የሚሟሟው በጨጓራ አሲድ በመሆኑ፣ ለጨጓራ ሕመም ተብሎ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ኦሜፕራዞል ሥራውን ያሰናክልበታል።

ኒሎቲኒብ የደም ስኳርንና ኮሌስትሮልን ከፍ ሊያደርግ፣ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ በጊዜ ብዛትም የደም ቧንቧዎችን ሊያጠብ ይችላል። ቦሱቲኒብ በይበልጥ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚያስከትለው ተቅማጥ ነው፤ ይህም ፈሳሽ በመተካትና ሐኪም በሚያዘው ማስታገሻ አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል። ሌሎቹ በማይሠሩበት ሚውቴሽን ላይ ጭምር የሚሠራው ፖናቲኒብ የደም ግፊትንና የደም መርጋትን በተመለከተ ጥብቅ ክትትል ይሻል።

የሰዓትና የማዕድ ጉዳይ

ኢማቲኒብ ከምግብ ጋር በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ይወሰዳል። በአንጻሩ ኒሎቲኒብ በየ12 ሰዓቱ፣ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላና ከሚቀጥለው ምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት በባዶ ሆድ የሚወሰድ ነው፤ ምግብ በደም ውስጥ የሚገባውን መጠን አለቅጥ ስለሚጨምረው ለልብ አደገኛ ይሆናል። ከኢማቲኒብ ወደ ኒሎቲኒብ የተሻገረ ሰው «ከምግብ ጋር» የሚለውን የቆየ ልማዱን ይዞ ቢቀጥል ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚወስድ ታማሚ ቁርሱንና እራቱን ከ2 ሰዓት በኋላ ያደርጋል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላም መክሰስ አይቀምስም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን በእኛ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሳይወጡ መጠየቅ ይገባል።

ጾምም በዚሁ ሥር ይታያል። በክርስትናም ሆነ በእስልምና ለታመመ ሰው የተፈቀደ ሥርዓት ስላለ፣ ታማሚው ሰዓቱን በራሱ ከማሸጋሸጉ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር ይበጀዋል። የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ሳያፍር መናገር አለበት።

ከሁሉ የከፋው፦ በስውር ማቋረጥ

እንግዲህ ከጎንዮሽ ጉዳቶች ሁሉ የከፋው በደም ምርመራ የማይታየው ነው፤ እርሱም ታማሚው ተማርሮ ኪኒኑን በስውር መዝለሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት በ87 የኢማቲኒብ ታማሚዎች ላይ ይህን መርምሯል። ከታዘዘላቸው መድኃኒት ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት በ6 ዓመት ውስጥ አጥጋቢ የሞለኪውል ደረጃ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው 94.5 በመቶ ሲሆን፣ 90 በመቶና ከዚያ በታች የወሰዱት ዕድል ግን 28.4 በመቶ ብቻ ነበር። 90 በመቶ ማለት በ30 ቀን ውስጥ 3 ቀን ብቻ መዝለል መሆኑን ልብ ይሏል።

ሐኪሙ ያልወሰደውን መድኃኒት እንደተወሰደ ቆጥሮ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሊደመድምና ታማሚውን ወደ ከበደ መድኃኒት ሊያሻግረው ይችላል። እውነቱን ቢያውቅ ግን ብዙ መንገድ አለው፦ መጠኑን መቀነስ፣ ለጥቂት ቀናት በክትትል ማቋረጥ፣ ምልክቱን ማከም፣ አልያም እንደገና መቀየር። በሐኪም ትእዛዝ ማረፍና በስውር መዝለል ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ስለሆነም በለውጡ የመጀመሪያ ወራት ታማሚው አንዲት ደብተር ይዞ የሚሰማውን፣ የጀመረበትን ቀንና የዘለለውን ኪኒን ሁሉ ቢመዘግብ መልካም ነው። ትኩሳት፣ የማይቆም ደም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳትና የዓይን ቢጫ መሆን ግን ለቀጠሮ የማይቆዩ ምልክቶች ናቸው። ያረገዘች ወይም ልትጸንስ ያሰበች ሴትም መድኃኒቶቹ ጽንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ አስቀድማ መማከር ይገባታል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መድኃኒት በተገኘለት በዚህ በሽታ ደግሞ የመድኃኒቱን ሥቃይ የደበቀ የተገኘውንም እንዳያጣ ያሰጋል እንላለን።