«ሁለት ሰዓት» ስንለው ፈረንጅ ለምን ስምንት ሰዓት ይመጣል?

አንድ የላስታ ወጣት ላሊበላ ከተማ ላይ የአስጎብኚነት ሥራ ጀምሯል እንበል። ማታ እንግዳውን ሆቴል በር ላይ ሲሰናበት «ቱሞሮ፣ ቱ ኦክሎክ!» ይለዋል። በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ ፈረንጁ የለም። ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ፈረንጁ ደግሞ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ብቅ ብሎ «ልጁ የት ጠፋ?» ይላል። ማን አጠፋ? ሁለቱም እንደየአገራቸው ልክ ናቸው። የቀኑ እንጀራ ግን አመለጠ!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት የላሊበላን እንግዳ ሲያሳሱት፣ በአስጎብኚነት ለሚያድር ወጣት አንድ እንግዳ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ እሱ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ልጆችስ ብትሆኑ? ለሥራ ቃለ መጠይቅ «ቱ ኦክሎክ» ተብላችሁ በጠዋት ሄዳችሁ ደጅ የጠናችሁ የላችሁም?

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። አማርኛ እያሰብን የምንናገራት እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የምታደርሰን ከራሱ ከእንግሊዝኛው አያት ቤት ነው። እስቲ እንያቸው።

ቀትር የነበረው ዘጠኝ ሰዓት
«ኑን» ቀትር መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሥሩ ግን «ኖና» የሚል የላቲን ቃል ነው፤ ዘጠነኛ ማለት ነው። ከንጋት ጀምሮ ሲቆጠር ዘጠነኛው ሰዓት፣ ማለትም የኛው ዘጠኝ ሰዓት! በጾም ወራት እናቶቻችን እህል ሳይቀምሱ የሚጠብቁት ሰዓት መሆኑ ነው። አውሮፓውያንም በጥንት ጊዜ እንደኛ ከፀሐይ መውጣት ነበር የሚቆጥሩት። በመካከለኛው ዘመን የዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት ቀስ በቀስ ቀደም እያለ ሄዶ ስድስት ሰዓት ላይ ዐረፈ፤ ስሙም አብሮት ተጓዘ። «ኦክሎክ» ደግሞ «ኦፍ ዘ ክሎክ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ በፀሐይ ሳይሆን በሰዓት መቁጠሪያው እንደማለት። ስለዚህ «ቱ ኦክሎክ» ብሎ በፀሐይ መቁጠር አይሄድም። መፍትሔው? ስድስት ቀንሱ ወይም ጨምሩ፤ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የምትለዋን ደግሞ አትርሱ።

«ሶሪ!» ወይስ «እኔን!»
የላሊበላ ደረጃና ዋሻ እንግዳ ያደናቅፋል። ፈረንጁ ሲንገዳገድ የኛ ሰው ቶሎ «ሶሪ!» ይላል። አንዳንዱ እንግዳ «አንተ ምን አደረግኸኝና?» ብሎ ይገረማል፤ ለሱ «ሶሪ» አብዛኛውን ጊዜ «ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ» ነዋ! እኛ ግን «እኔን!» ማለታችን ነው። እዚህ ላይ አትፈሩ። «ሶሪ» የመጣው «ሶር» ከሚባለው ቃል ነው፤ ቁስል፣ ሕመም ማለት ነው። ስለ ሌላው መታመም የጥንቱ ትርጉሙ ነበር። ቢሆንም «ሶሪ» ካሉ በኋላ «አር ዩ ኦኬ?» ብሎ ማከል ግርታውን ይፈታል።

«ዩ! ዩ! ዩ!»
ይህቺ ግን እንግዳ ታስቀይማለች። ልጆች በመንገድ ላይ ፈረንጅ ሲያዩ «ዩ!» ይላሉ። በኛ «አንተ!» ብሎ መጣራት በእኩዮች መካከል ነውር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን ሌባ የሚያባርር ፖሊስ ያስመስላል። ደግሞ ጉዱን ስሙ፦ ጥንት እንግሊዝኛም «አንተ» እና «እርስዎ» ነበሩት። ለቅርብ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰውና ለተከበረ ሰው «ዩ» ይባል ነበር። «ዛው» ከጊዜ በኋላ ከመንገድ ቀረና «ዩ» ብቻዋን ገነነች። እናም «ዩ!» እያለ የሚጮኸው ልጅ በጥንቱ ሕግ «እርስዎ!» እያለ ነው። ዛሬ ግን «ሄሎ» ወይም «ኤክስኪውዝ ሚ» ይሻላል።

«አይ አም ካሚንግ»
ለዚህችኛዋ ጠበቃ አላገኘንላትም! ከተቀመጥንበት ተነስተን ስንወጣ «መጣሁ» እንላለን። ሐሳባችን መመለሱ ላይ ስለሆነ ነው። ያንኑ ገልብጠን «አይ አም ካሚንግ» እያልን ጀርባችንን ሰጥተን ስንርቅ እንግዳው ምን ይበል? «አይል ቢ ራይት ባክ» በሉት።

ማን ገነባው?
ቱሪስት ሁሉ ይጠይቃል፤ «ሁ ቢልት ዚስ?» የሚገነባ ሰው ከታች ጀምሮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደርባል። ላሊበላ ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከዐለቱ አናት ተነስቶ ወደታች። ለዚህ እንግሊዝኛው «ሂው» የሚል ቃል አለው፤ «ሂው፣ ሂውድ፣ ሂውን» እያለ ይረባል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡም «ሮክ ሂውን» ተብለው ነው። ቃሉ ቢከብዳችሁ የቤታችሁን አስታውሱ፤ ወቀረ! እናቶች ወፍጮ የሚወቅሩበት ቃል ነው፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የምንለውም ከዚያው ነው።

«ሞኖሊቲክ» የሚለውን ግን ለሁሉም አትበትኑት። ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ሞኖስ» አንድ ብቻ፣ «ሊቶስ» ድንጋይ። እንደ ቤተ ጊዮርጊስና ቤተ መድኃኔ ዓለም በአራቱም ጎን ከዐለቱ ለተላቀቁት ይስማማል። በጎናቸው ከዐለቱ ጋር የተያያዙ ስላሉ «ኦል ሞኖሊቲክ» ያለ አስጎብኚ የሚያውቅ እንግዳ ከገጠመው ይፋጠጣል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ እንግሊዝኛ ስትናገሩ በአማርኛ ማሰባችሁ አያሳፍርም። ሰዓት ስትቀጥሩ፣ ሰው ስትጠሩና ስትሰናበቱ ግን አንድ ጊዜ ቆም በሉ። እነዚህ ሦስቱ ናቸው እንጀራም ወዳጅም የሚያሳጡት። እናንተም የገጠማችሁ ካለ ጻፉልን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!