ባሕር ዳርን ማን ማን ሠራት? (ስለ ብሪክስ ለጠየቃችሁኝ)

ቻይናና ሕንድ ስላሉበት የአገሮች ስብስብ፣ ስለ ብሪክስ፣ ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው ሲጨመቅ አንድ ነው፦ «ለእኛ አሜሪካ ይሻለናል ወይስ ቻይና?» መልሱን ከዋሽንግተንም ከቤጂንግም ሳይሆን ከዚሁ ከከተማችን ልጀምረው። ባሕር ዳርን በእግሩ የዞረ ሰው፣ ባለፉት 60፣ 65 ዓመታት የዓለም ጉልበት ከማን ወደ ማን እንደዞረ ከግንቦቿና ከመንገዶቿ ማንበብ ይችላል።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ውሰዱ። የጣሊያን የጦር ካሣ ነው። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ያዝዝ ነበር፤ ድርድሩ ሲጓተት ከርሞ በ1948 ዓ.ም. ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ብሎ ተቋጨ። የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ከዚያ ገንዘብ የወጡ ናቸው። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሲቆም ባሕር ዳር ገና ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ነበረች፤ በደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ በብዛት ያየችው በእሱ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ፖሊ የምንለው የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። ይኼኛው የሶቪየት ኅብረት ነው። ጃንሆይ (ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) በ1951 ዓ.ም. ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ስምምነት ይዘው ተመልሰው ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያው ጊዜ አሥመራ ላይ የአሜሪካ የቃኘው የጦር መገናኛ ጣቢያ እየሠራ ነበር፤ ጦሩንም የምታስታጥቀው አሜሪካ ነበረች። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና የከተማዋ የመጀመሪያ ማስተር ፕላን ደግሞ የምዕራብ ጀርመን እጅ አለባቸው። የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳጎጂ ሲቋቋም ዩኔስኮ ገባበት። ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የምናወራው «ከሁሉም ጋር መሥራት» የሚባለው ፖሊሲ እዚህ ከተማ ውስጥ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለውን አባቶቻችን በዲፕሎማሲም ያውቁበት ነበር።

ቻይናም ትናንት የመጣች አይደለችም። ኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነት የጀመሩት በ1963 ዓ.ም. ነው፤ በዓመቱ ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚያደርሰው፣ ሰው እስካሁን «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ የዚያ ዝምድና ውጤት ነው። ንጉሡ ያስጀመሩት ዝምድና በደርግ ዘመን ቢቀዘቅዝም አልተቋረጠም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። ጣሊያንም ቢሆን በሌላ መልክ ተመልሳለች፤ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ጣቢያ የሠራው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ የቱ ጠቀመን? የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ሠሪው ሲሄድ ዕውቀቱ እዚህ ቀረ ወይ? ሶቪየት ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ራሷ ከዓለም ካርታ ወጣች፤ ፖሊ ግን አለ። ከፔዳጎጂ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ፤ ዛሬም መሐንዲስ ያወጣል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚይዘው ግን የፎገራ ሩዝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትወጡ፣ ወረታ ሳትደርሱ የምታዩት ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ነው። ድሮ ስሙ የሚነሣው በፎገራ ከብት ነበር፤ ገበሬውም ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው ውኃ ከሚተኛበት ማሳ ላይ ሩዝ ሞከሩ። አጀማመሩ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ኮርያዎቹ ሄዱ፣ ሥርዓቱም ተቀየረ፤ ገበሬው ግን ዘሩን አልጣለም። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ቤተሰቡ ሩዙን ከጤፍ ጋር አስፈጭቶ እንጀራ ጋገረው፣ ገለባውን ለከብቱ ሰጠ፣ የተረፈውን ሸጠ። ዛሬ ፎገራ በአገሪቱ ዋናው የሩዝ ምድር ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው ወረታ ነው። ማዕከሉን ስትደግፍ የቆየችው ደግሞ ጃፓን ናት። ሰሜን ኮርያ የጀመረችውን ጃፓን ስታግዝ አስቡት! በሌላው ዓለም አንድ ጠረጴዛ የማይቀመጡት ሁለቱ አገሮች ጣና ዳር አንድ ማሳ ላይ ተከታትለው ሠርተዋል፤ ያገናኛቸው የፎገራ ገበሬ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለትዝታ አይደለም። ኢትዮጵያ የምትበላውን ሩዝ በብዛት ከውጭ ታስገባለች፤ ከዋና ሻጮቿ አንዷ ሕንድ ናት። ሕንድ ደግሞ ከዓለም የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ገደማውን ትይዛለች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለራሷ ሕዝብ ዋጋ እንዳይንርባት ብላ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። እገዳው የተነሣው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። ሕንድ ወዳጃችን ናት፤ ዛሬ በብሪክስም አብረን ነን። ወዳጅነቱ ግን ያንን ውሳኔ አላስቀረም፤ ሊያስቀርም አይችልም፤ ማንም መንግሥት መጀመሪያ የሚያስበው ለራሱ ሕዝብ ማዕድ ነው። ያኔ ክፍተቱን ፎገራ መሙላት ነበረበት። ሩዙ አለ፤ ነገር ግን ማሳ ላይ ከልክ በላይ ሲደርቅና ዘሩ ሲደባለቅ፣ ወፍጮውም ሲያረጅ፣ ሲፈተግ ይሰባበራል። ሸማቹ ነጩንና ሙሉውን የውጭ ሩዝ ይመርጣል። ችግራችን እንግዲህ ቤጂንግም ዋሽንግተንም አይደለም፤ ወረታ ነው። ወረታ ላይ ያለ ችግር ደግሞ በእጃችን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። አጎዋ አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ያወጣችው፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባላት የፈቀደችበት ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ተሰረዘች፤ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ወጣቶች ናቸው ዋጋውን የከፈሉት። ልትሰጠውም ልትነሣውም የምትችለው አሜሪካ ብቻ ነበረች፤ እኛ የፈረምንበት ውል አልነበረም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ብሪክስ ገባን። ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት ብሪክስ የንግድ ውል አይደለም፤ አባል በመሆናችን ብቻ ቀረጥ የሚቀንስልን አገር የለም። የብሪክስ ባንክ እንኳ አባል ለመሆን ለብቻው ማመልከቻ ይጠይቃል። ቻይና ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረጥ ያነሣችልን በሌላ መንገድ ነው፤ በኢኮኖሚ ወደ ኋላ ለቀሩ፣ ከእሷ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ላላቸው አገሮች በሙሉ የሰጠችው ነው። ይኼም ቢሆን ስጦታ ነው፤ የሰጠ ይነሣል።

ደግሞ ቀረጥ መነሣቱ ብቻውን ዕቃ አያስገባም። ጣና ላይ ያለውን ዘጌን ተመልከቱ። መነኮሳቱ እርሻና ከብት ከልክለው ለዘመናት ያቆዩት ጫካ ሥር ቡና ይበቅላል። ያን ቡና ወደ አውሮፓ እንላክ ብንል፣ የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ ሕግ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑን፣ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ነጥብ ጭምር፣ በሰነድ አስረዱ ይላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም ሕጉ አልተሻረም። ከዘጌ የበለጠ ይህን ፈተና ሊያልፍ የሚገባው ቡና አላውቅም፤ ግን ማስረጃው ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኘችበት ምርት ነውና ሰነዱን እንደ ቢሮክራሲ ብቻ አንየው።

ሱዳንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከጣና የሚወጣው አምባዛና የዓሣ ቋንጣ በመተማ በኩል ሱዳን ይሸጥ ነበር። ካርቱም ላይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ገበያው ተናጋ፤ ወራት ሳይቆይ ደግሞ የእኛው የአማራ ክልል ግጭት መንገዱን ዘጋጋው። የሩቅ ሸሪክ ለመምረጥ ስንከራከር የቅርቡን ጎረቤትና የራሳችንን መንገድ እንረሳለን። መኪና በሰላም የማያልፍበት አገር ለማንኛውም ሸሪክ የሚረባ ውል መፈረም አይችልም፤ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ሰላም ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ አሜሪካም ቻይናም ይምጡ፤ ቱርክም፣ ሕንድም፣ ጃፓንም፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም። ውል በተፈረመ ቁጥር ግን ማን ምን እንደሚማርበት፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ ሸሪኩ ነገ ቢሄድ ምን እንደሚቀረን እንጠይቅ። እኔ ፖሊንና ፎገራን የመሰለ እንጂ ሪባን የሚቆረጥበት ብቻ አልፈልግም።

ወረታ ላይ ሩዝ የምትፈትጉ፣ በመተማ መስመር የምትነግዱ፣ ዘጌ ቡና ያላችሁ ካላችሁ፣ ትልቁ ማነቆ የቱ ላይ እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ። ቀጣዩን ጽሑፍ የምሠራው ከእናንተ በማገኘው ነው።