ሥልጠናው ከመጠቅለያው ይጀምር

አዲስ የሚቀጠር ኦፕሬተር ዓይኑ የሚያርፈው መቆጣጠሪያ ክፍሉ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምመድበው የመስመሩ መጨረሻ፣ ጥቅሉ የሚወጣበት ቦታ ነው። እዚያ ቆሞ ጨርቁን ወደ መብራት እያነሣ ያያል፣ በመዳፉ ይዳስሳል። የሳሳ ቦታ፣ ጥቁር ነጥብ ወይም ጣት የሚቆረቁር ጠጣር ጠብታ ሲያገኝ ከየት እንደመጣ መስመሩን ወደ ኋላ ተከትሎ ፈልጎ ይነግረኛል። መልሱን ቶሎ አልሰጠውም።

የምንሠራው ጨርቅ ስፐንቦንድ የሚባለው የኖንዎቨን ዓይነት ነው። ሸማኔም መወርወሪያም የለውም። የፖሊፕሮፒሊን ፍሬ ኤክስትሩደር ውስጥ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ይቀልጥና በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ባሉት ስፒነሬት በኩል ቃጫ ሆኖ ይወጣል። ቀዝቃዛ አየር ያጠነክረዋል፣ ፈጣን አየር ስቦ ያቀጥነዋል፣ ከዚያ በሚጓዝ ወንፊት ላይ ይነጠፋል። የጋሉት የካሌንደር ሲሊንደሮች በመካከላቸው ሲያሳልፉት በነጥብ በነጥብ ይጣበቃል። በገበያ ዘንቢል ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ካሌንደሩ የተወው አሻራ ናቸው።

ጠብታው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከስፒነሬቱ ነው። ፊቱ ላይ ዝቃጭ ሲከማች ወይም የማቀዝቀዣው አየር ሲዛባ ቃጫው ይበጠሳል፤ የቀለጠው ፖሊመር ተንጠልጥሎ ጨርቁ ላይ ይወድቃል። ካሌንደሩ ሲጨፈልቀው ቦታው ይደነድናል ወይም ይቀደዳል። በዚህ ሁሉ መካከል ስክሪኑ ሙቀቱም ግፊቱም ፍጥነቱም ልክ ነው ሊል ይችላል። አዳዲሶቹ መስመሮች ጉድለት የሚለይ ካሜራ አላቸው፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ካሜራው ጠብታውን ቆጥሮ ይነግረናል እንጂ የነሐስ መፋቂያ ይዞ ስፒነሬቱን አያጸዳም። መፋቂያው ነሐስ የሆነውም በምክንያት ነው፤ ብረት የቀዳዳውን አፍ ይጭረዋል፣ የተጫረ ቀዳዳ ደግሞ ቃጫውን አጣሞ ያወጣዋል።

እኛ ጋ መብራት መጥፋቱ ሥራውን ያከብደዋል። መብራት ሲሄድ የቀለጠው ፖሊመር ኤክስትሩደሩ ውስጥ ቆሞ መቃጠል ይጀምራል። ሲመለስ ጥቋቁር ነጥቦቹ እስኪጠሩ የሚወጣውን ጨርቅ ከመሸጥ መቆጠብ ያስፈልጋል። የማሽን ሻጩ ባለሙያዎች ተከላውን ጨርሰው፣ ቁልፎቹን አሳይተው ሲሄዱ፣ እንዲህ ያለውን ቀን አብረውን ስለማያሳልፉት አያስተምሩንም። የሚያስተምረው ያንን ቀን ያለፈበት የሺፍት ኃላፊ ነው፤ እሱ ደግሞ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፣ እውቀቱም አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ኦፕሬተሮቹ በየሺፍቱ የተፈጠረውን ችግርና የተወሰደውን እርምጃ በአማርኛ መዝግበው እንዲያስቀምጡ አደርጋለሁ። አዲሱ ሰው ከመመሪያ መጽሐፉ በፊት ይህን መዝገብ ያነባል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጭምብል እንሥራ ያለው ሰው ብዙ ነበር። የሕክምና ጭምብልን ዋና የማጣራት ሥራ የሚሠራው ግን መካከለኛው ሽፋን፣ ሜልትብሎን ነው። ቃጫው ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም፣ ኤሌክትሪክ ቻርጅም ይሰጠዋል። በዓለም ገበያ የጠፋው እሱ ነበር። በእኛ መስመር የሚወጣው የውጭ ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ይህን ለጠያቂዎች ማስረዳት ከባድ ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው የዘንቢሉ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ የእኛ ምርት ተፈላጊ ሆኗል። ደስ ይለኛል፤ ግን ብዙዎች ጨርቅ ነው የሚሉት ዘንቢል ከፕላስቲክ የተሠራ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። ከፌስታል የሚሻለው ደጋግሞ ካገለገለ ብቻ ነው። ገዢው 70 ግራሙን በካሬ ሜትር ወደ 40 አውርድልኝ ይላል፤ አንዳንድ አምራች ለማርከስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያበዛል፣ የጠርዝ ቁርጥራጩን ከልክ በላይ መልሶ ያቀልጣል፣ ፀሐይ የሚቋቋመውን ማረጋጊያም ይተወዋል። እንዲህ የተሠራ ዘንቢል ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ እጅ ላይ ይፈረካከሳል። ፍርፋሪውን ከአፈር መልቀም ደግሞ ፌስታል ከማንሣት የከፋ ነው።

ሁለተኛ መስመር ለመግዛት የሚያስቡ ባለሀብቶች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው መለዋወጫ ስፒነሬትና የማጽጃ ምድጃ እንዳላቸው ነው። ከሌላቸው ገንዘቡን እዚያ ላይ አውሉት እላለሁ። የቆሸሸው ወጥቶ ሲጸዳ ሌላው ይሠራል፤ ኦፕሬተሩም ጉድለት ሲያይ መስመሩን ለማቆም አይፈራም።